ባሪያና መጋቢ በአንድ ማዕድ

ንባብ፦ 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥26-31፤ 11፥20-22፤ ፊልሞና

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ወንጌል ወደ ሮም ግዛት ከተሞች በገባ ጊዜ የተቀበሉት እነማን ነበሩ? ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ምእመናን መካከል ጥበበኞች፣ ኃያላንና ባላባቶች ብዙ እንዳልነበሩ ያሳስባቸዋል። ብዙ አልነበሩም ማለት ግን ከቶ አልነበሩም ማለት አይደለም። የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ ነበረ፤ በፊልጵስዩስም የሐምራዊ ልብስ ነጋዴዋ ልድያ ቤቷን ለሐዋርያት ከፍታለች። ከእነዚህ ጋር ባሮች አብረው ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ በታናሽ እስያ የሮም ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለምርመራ ያሠቃያቸው ሁለት ሴቶች በዓለም ፊት ባሮች ነበሩ፤ በማኅበራቸው ዘንድ ግን ዲያቆናት ይባሉ ነበር።

ይህ አንድነት ያለ ፈተና አልጸናም። በቆሮንቶስ ባለጸጎች ቀድመው ሲበሉ ድኾች ይራቡ ነበርና፣ ሐዋርያው አጥብቆ ገሠጻቸው። ፊልሞናንም ኮብልሎ የሄደውን ባሪያውን አናሲሞስን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነው።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ጁባ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች የሰፈሩባት ጎንዶኮሮ ነበረች። በዚያው ዘመን ከደቡብ ሱዳን የዲንካ ሕዝብ በባሪያ ነጋዴዎች የተማረከ አንድ ልጅ ነጻ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ አገር ተጠመቀ፤ ሳሊም ዊልሰን ተብሎም ወንጌልን ሰበከ።

በአገራችንም ከኢሉባቦር ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ልጅ በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 በስዊድን ሚሲዮን ሲጠመቅ የዚያኑ የፊልሞናን ባሪያ ስም ተቀበለ። ይህ አናሲሞስ ነሲብ ነው። እርሱም፣ እንደ እርሱ ከባርነት በወጣችው በአስቴር ጋኖ እየታገዘ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899ም ታተመ። ዓለም በገበያ የሸጠውን እግዚአብሔር የሕዝብ መምህር አደረገው።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። በአገራችን ሕግ ባርነትን እ.ኤ.አ. በ1942 ሽሮታል፤ በልብ የቀረውን ግን አዋጅ አይሽረውም። በጌታ ማዕድ አብረን ቆርሰን፣ ልጆቻችን ሊጋቡ ሲሉ አጥንት የምንቆጥር ከሆነ፣ የሸክላ ሠሪውን እጅ በቤተ ክርስቲያን ጨብጠን በቤታችን የምንጸየፍ ከሆነ፣ የቆሮንቶስ ተግሣጽ ለእኛ ነው። ወንድማችንን ወንድም ያደረገው ትውልዱ ሳይሆን ጥምቀቱ ነውና፣ በማዕዱ እንደተቀበልነው በደጃችንም እንቀበለው።

ለጥያቄ፦ በማኅበራችን መጨረሻ የሚቀመጠው ማን ነው? ስለ ምን?