ለቤት ፎቶግራፍ ማተሚያ የጥበብ ወረቀት አመራረጥ፦ ከመልክ አስቀድሞ የሚመዘኑ ባሕርያት

አጠቃሎ

ፒግመንት ቀለም የሚጠቀሙ የቤት ፎቶግራፍ ማተሚያዎች ለዐውደ ርእይና ለቤተ መዛግብት የሚበቃ ኅትመት ማውጣት ከጀመሩ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ የወረቀቱ ምርጫ አሁንም በአብዛኛው የሚከናወነው ወረቀቱን በእጅ በመዳሰስና ንጣቱን በዓይን በማወዳደር ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ እይታ የማይታዩ ሦስት ባሕርያት ከገጽታ ውበት አስቀድመው ሊመዘኑ እንደሚገባ ያስረዳል፤ እነርሱም የወረቀቱ ጥሬ ዕቃ፣ የልባጡና የጥቁር ቀለሙ መጣጣም፣ እንዲሁም የንጣት ማጉያ ኬሚካል መኖር ወይም አለመኖር ናቸው። ለማሳያነት የብራና ገጽ ቅጂና የጥቁርና ነጭ የሰው ምስል ተነጻጽረዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ የጥበብ ወረቀት፣ ፒግመንት ቀለም፣ ልባጥ፣ ባራይታ፣ የኅትመት ዘላቂነት

1. መግቢያ

በዘመናችን የፎቶግራፍ ዋና ማደሪያ ፋይል ሆኗል። ኅትመት ግን ፋይል የሌለው አንድ ብልጫ አለው፤ ያለ መሣሪያ ይነበባል። በመስክ ጥናት የተነሣ የአንድ አረጋዊ ምስል፣ ወይም ከባለቤቱ እጅ ዳግመኛ ላይገኝ የሚችል የብራና ገጽ፣ ፋይሉ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ በወረቀት ላይ የቀረው ቅጂ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ኅትመቱን ለቤተ መጻሕፍት፣ ለቤተሰብ ወይም ለዐውደ ርእይ ሲያስረክብ የወረቀቱ ምርጫ የማስዋብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የዘርፉ ታሪክ ራሱ ይህንን ያስተምራል። ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽና ማክ ሆልበርት እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ያቋቋሙት ናሽ ኤዲሽንስ፣ አይሪስ 3047 የተባለውን ማተሚያ ለሥነ ጥበብ ኅትመት በማዋል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ማሽኑ የተሠራው ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ናሙና እንዲያወጣ እንጂ ለዘመናት የሚቆይ ሥራ እንዲሠራ አልነበረም። ባለሙያዎቹ ምርጥ የጥጥ ወረቀት ቢያቀርቡለትም የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች በብርሃን ይደበዝዙ፣ በውኃ ጠብታም ይፈስሱ ነበር። ወረቀቱ ለመቶ ዓመት ቢበቃም ምስሉ አብሮት አልዘለቀም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዘላቂነት የወረቀት ብቻ ወይም የቀለም ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ጥምረት ባሕርይ መሆኑ ነው።

2. ጥሬ ዕቃ፦ ጥጥ፣ አልፋ ሴሉሎስ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ

በገበያ ላይ የሚገኙ የፎቶ ወረቀቶች በመሠረታቸው በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከጥጥ ጭረት የተሠራ ነው። የጥጥ ጭረት በተፈጥሮው ንጹሕ ሴሉሎስ ስለሆነ፣ ከእንጨት በሚገኝ ጥሬ ዕቃ ውስጥ ያለውንና ወረቀትን ለመወየብና ለመሰባበር የሚዳርገውን ሊግኒን አይዝም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው አልፋ ሴሉሎስ ነው፤ ከእንጨት ቢገኝም ሊግኒኑ በኬሚካል ስለተወገደ በሚገባ ከተሠራ ረጅም ዕድሜ አለው። ሦስተኛው ግራና ቀኙ በፖሊኤቲሊን የተለበጠ የተለመደ የፎቶ ወረቀት ነው፤ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም የጥበብ ወረቀት ከሚባለው ወገን አይመደብም።

«ከአሲድ ነፃ» የሚለው የማሸጊያ ጽሑፍ ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። ወረቀት ሲመረት አሲድ ባይኖረውም ከአየር ብክለትና ከራሱ እርጅና አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል። አይኤስኦ 9706 የተባለው ለሰነድ ወረቀት የወጣ ዓለም አቀፍ መለኪያ የፒኤች መጠኑ ከ7.5 እስከ 10 እንዲሆን ከመጠየቁም ሌላ፣ ወረቀቱ ቢያንስ ከ2 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር የሚመጣጠን የአልካሊ ክምችት እንዲይዝ ያዝዛል። ይህ ክምችት ወደፊት የሚመጣውን አሲድ የሚያመክን ስንቅ ነው። ስለዚህ ገዢው በምርት መግለጫው ላይ ሊፈልግ የሚገባው «ከአሲድ ነፃ» የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ይህ ክምችት ያለው መሆኑን ነው።

3. ልባጥና ጥቁር ቀለም

ተራ የሥዕል ወረቀት በኢንክጄት ቢታተምበት ቀለሙ ወደ ጭረቱ ይሰርግና ምስሉ ይደበዝዛል። ለኅትመት የተዘጋጀ ወረቀት ግን ቀለሙን ከላይ የሚይዝ ስስ ልባጥ አለው። ማት በሚባለው የማያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ልባጡ በአብዛኛው ሲሊካን የመሰሉ ደቃቅ ማዕድናትን ይዟል። ባራይታ በሚባለው ደግሞ በመሠረቱና በቀለም ተቀባዩ ልባጥ መካከል የባሪየም ሰልፌት ንብር ይገኛል፤ ስያሜውም መልኩም የተወረሰው ከጨለማ ክፍል ዘመን የብር ኅትመት ወረቀት ነው።

ልዩነቱ በጥቁረት ልክ በግልጽ ይታያል። የማት ወረቀት ከፍተኛ ዴንሲቲ አብዛኛውን ጊዜ በ1.6 አካባቢ ሲሆን፣ ጥሩ ባራይታ 2.3 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዴንሲቲ የሎጋሪዝም መለኪያ በመሆኑ በቁጥር ትንሽ የሚመስለው ልዩነት በተግባር ሰፊ ነው፦ 1.6 ማለት ጥቁሩ ከወደቀበት ብርሃን 2.5 በመቶ ያህሉን ይመልሳል ማለት ሲሆን፣ 2.3 ግን 0.5 በመቶውን ብቻ ይመልሳል። የባራይታው ጥቁር የሚመልሰው ብርሃን የማቱን አንድ አምስተኛ ነው። ይህ ማለት ግን ማት ወረቀት ዝቅተኛ ነው ማለት አይደለም። ባራይታ ጥቁረቱን የሚያሳየው የመብራቱ ነጸብራቅ ከተመልካቹ ዓይን ሲርቅ ነው፤ መብራቱ ባልተስተካከለ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጥቅሙ ይቀንሳል። ማት ወረቀት በአንጻሩ ከየትኛውም አቅጣጫ ይነበባል።

ከወረቀቱ ዓይነት ጋር የጥቁር ቀለሙም ዓይነት ይለወጣል። አብዛኞቹ የፒግመንት ማተሚያዎች ፎቶ ጥቁርና ማት ጥቁር የተባሉ ሁለት ቀለሞች አሏቸው። ማት ጥቁር በባራይታ ላይ ሲታተም በልባጡ ስለማይያዝ በጣት ሲነካ ይለቅቃል፤ ፎቶ ጥቁር ደግሞ በማት ወረቀት ላይ ግራጫ መስሎ ይታያል። በአንዳንድ ማተሚያዎች ሁለቱ ጥቁሮች አንድ መስመር ስለሚጋሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ቀለም ይባክናል። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው የማትና የባራይታ ሥራዎቹን ለየብቻ አጠራቅሞ ቢያትም ይጠቀማል።

ዳይ ቀለም የሚጠቀም ማተሚያ ያለው ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ዳይ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም ሲሆን፣ ፒግመንት ግን ሳይሟሟ ተበትኖ የሚቆይ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ልባጥ ቀለሙን ፈጥኖ ቢያደርቅም አየር ስለሚያስገባ ኦዞን የዳዩን ሞለኪውል ሊያፈርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በዚህ ምክንያት የአንዳንድ ማተሚያዎች ኅትመት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ብርቱካንማ መለወጡ በሰፊው ተዘግቧል።

4. የንጣት ጉዳይ

ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ይበልጥ የነጣውን መምረጡ የተለመደ ነው። ይህ ንጣት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኦፕቲካል ብራይትነር ከተባሉ የንጣት ማጉያ ኬሚካሎች ነው። ኬሚካሎቹ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብለው እንደ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሱታል። ከዚህ ሁለት ችግሮች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ንጣቱ በብርሃኑ ዓይነት ላይ ይመሠረታል፤ በመስኮት አጠገብ ሰማያዊ የመሰለው ወረቀት አልትራቫዮሌት በሌለው የሙዚየም መብራት ሥር ይለዝባል። ሁለተኛ፣ ኬሚካሉ ራሱ በብርሃን ስለሚዳከም ወረቀቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ተፈጥሯዊ ቢጫማ መልኩ ይመለሳል። ቀለሙ ባይደበዝዝም የምስሉ ብሩህ ክፍሎችና የሰው ቆዳ መልክ ይለወጣሉ።

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ይህ ነጥብ የበለጠ ክብደት አለው። የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በግምት 10 በመቶ ያድጋል። የመስኮት መስተዋት አጭር ሞገድ ያለውን ክፍል ቢያግድም ረጅም ሞገድ ካለው ብዙውን ያሳልፋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር በመስኮት ፊት የሚሰቀል ኅትመት የንጣት ማጉያ በሌለው ወረቀት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አልትራቫዮሌት የሚያግድ የፍሬም መስተዋት ቢገኝ ደግሞ የበለጠ ይጠበቃል።

ፍተሻው ቀላል ነው። የገንዘብ ኖት ለመመርመር የሚያገለግለው አነስተኛ የአልትራቫዮሌት ባትሪ በጨለማ ክፍል ውስጥ በወረቀቱ ላይ ሲበራ፣ የንጣት ማጉያ የበዛበት ወረቀት በደማቅ ሰማያዊ ያበራል፤ የሌለበት ወረቀት ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም ገጾች መታየት አለባቸው፤ ኬሚካሉ በልባጡ ውስጥ ሳይኖር በመሠረቱ ውስጥ ሊገኝ ይችላልና።

5. ሁለት ኅትመቶች፣ ሁለት ምርጫዎች

የብራና ገጽ ቅጂ ለማተም የተነሣ ተመራማሪ የሚያስፈልገው ጥልቅ ጥቁር ሳይሆን ታማኝ የመደብ ቀለም ነው። ብራና ነጭ አይደለም፤ ክሬምና ቡኒ እየተፈራረቁበት የቆዳውን ጠባሳና የፀጉሩን ሥር ያሳያል። ገጹም እንደ ባራይታ አያብለጨልጭም። ለዚህ ሥራ የንጣት ማጉያ የሌለው፣ ለስላሳ ገጽ ያለው የጥጥ ማት ወረቀት ተገቢ ነው። የጎላ ሸካራነት ያለው የውኃ ቀለም መሰል ወረቀት ግን ለእጅ ቢማርክም ሊወገድ ይገባል፤ የወረቀቱ ሸካራነት ከብራናው ሸካራነት ጋር ተቀላቅሎ አንባቢው የሚያየው የትኛውን እንደሆነ እንዳይለይ ያደርገዋልና። ጥቃቅን የኅዳግ ጽሕፈቶችም በሸካራ ገጽ ላይ ይቆራረጣሉ።

በአንድ መስኮት ብርሃን የተነሣ የጥቁርና ነጭ የሰው ምስል የተለየ ጥያቄ ያቀርባል። የምስሉ ትርጉም ያለው በጥላው ውስጥ ባሉ ደረጃዎች፣ በጥቁር ካባ እጥፋትና በፀጉር መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። በማት ወረቀት ላይ እነዚህ ደረጃዎች ይጠጋጉና አንድ ጥቁር ይሆናሉ። ስለዚህ የንጣት ማጉያ የሌለው የጥጥ ወይም የአልፋ ሴሉሎስ ባራይታ ይመረጣል። ኅትመቱ በተለመደ መስተዋት ሥር የሚሰቀል ከሆነ ግን የመስተዋቱ ነጸብራቅ ጥቁሩን ስለሚያነሣው ለባራይታ የተከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ከፊሉ ይባክናል።

6. ማሽኑ የሚጥላቸው ገደቦች

በካሬ ሜትር 310 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከመግዛት በፊት የማተሚያው መመሪያ የሚፈቅደውን ውፍረት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በአብዛኛው ከኋላ በኩል አንድ በአንድ ይገባል። ጫፉ የተጣመመ ወረቀት የማተሚያውን ራስ ስለሚነካ ኅትመቱም ራሱም ይጎዳሉ። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ሲሆን ወረቀቱ ይረጋጋል፤ በበጋ ድርቀት ወረቀቱ ስለሚጠቀለል እስኪታተም ድረስ በማሸጊያው ማቆየት ይበጃል። ከጥጥ ወረቀት የሚረግፈው ብናኝ በታተመው ላይ ነጭ ነጥብ ስለሚተው ገጹ ከኅትመት በፊት በለስላሳ ብሩሽ ሊጠረግ ይገባል።

ለእያንዳንዱ ወረቀትና ማተሚያ ጥምረት የተዘጋጀ አይሲሲ ፕሮፋይልም የግዢው አካል ሆኖ መታየት አለበት። ለሌላ ወረቀት የተሠራ ፕሮፋይል የቀለሙን መጠን ስለሚያዛባ የትኛውንም ወረቀት በትክክል መመዘን አያስችልም።

7. የመምረጫ ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች በሚከተለው ቅደም ተከተል በተግባር ሊውሉ ይችላሉ፦

ሀ) ኅትመቱ ምን ሊጠብቅ እንደታሰበ መወሰን፦ የመደብ ቀለም፣ የጥላ ደረጃ ወይም ጥቃቅን ጽሕፈት።
ለ) የሚሰቀልበትን ወይም የሚቀመጥበትን ቦታ ብርሃን ማጤን።
ሐ) በማተሚያው ጥቁር ቀለም መሠረት ማት ወይም ባራይታ መለየት።
መ) ከተለዩት መካከል አሲድ የሚያመክን ክምችት ያላቸውንና ከንጣት ማጉያ ነፃ የሆኑትን ማስቀረት።
ሠ) ከቀሩት የሁለቱን ናሙና ገዝቶ አንድን ምስል በየራሳቸው ፕሮፋይል ማተምና ከ24 ሰዓት በኋላ በቀን ብርሃንም በመብራትም ማወዳደር።
ረ) የናሙናውን ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኖ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥቂት ወራት ማቆየት፤ በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል የሚታየው ድንበር ከማስታወቂያ ይልቅ የሚታመን ምስክር ነው።

ሸካራነትና የእጅ ስሜት የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

8. ማጠቃለያ

የጥበብ ወረቀት ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ገዢው በዋጋው ልክ ዕድሜ የገዛ ይመስለዋል። የአይሪስ ኅትመቶች ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ጥሩ ወረቀት የማይስማማውን ቀለም አያድንም፤ እጅግ የነጣ ወረቀትም ንጣቱን ይዞ አይዘልቅም። ለአንድ ተመራማሪ ወይም ፎቶ አንሺ ትክክለኛው ወረቀት ምስሉ የያዘውን መረጃ ለተቀባዩ በሚኖርበት ብርሃን ሥር ሳይለውጥ የሚያደርስለት ነው። ይህም የሚታወቀው በሱቅ መደርደሪያ ፊት ሳይሆን መግለጫውን በማንበብና በናሙና በመፈተን ነው።