ያልተሰረዘው ዕዳ

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሰሜን በኩል ጣና አለ። ዓባይም ከጣና ወጥቶ በምሥራቋ በኩል ያልፋል። ከተማዋ ዳገት ስለሌላት ለብስክሌት የተመቸች ናት። እንደ ጎንደር አቀበትና ቁልቁለት ቢበዛባት ኖሮ ሰው ብስክሌቱን ከመንዳት ይልቅ ሲገፋ በዋለ ነበር።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህች ከተማ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ እናውቃለን። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኛም ጋሼ እንላቸዋለን። ከሥራ ቤታቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ያጫወቱንን ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍላችሁ ፈለግን። ጨዋታው የሚጀምረው ከብስክሌት ነው። የሚያልቀው ግን ከፊደል ላይ ነው።

ከተማዋና ተማሪዎቹ

ጋሼ ወደ ባሕር ዳር የመጡት በልጅነታቸው ከገጠር ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓመታት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተሠራ። በዚያም ወጣቶች የብረት ሥራ፣ የእንጨት ሥራ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክና የእርሻ መሣሪያ ሙያ ይማሩ ጀመር። በ1965 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የመምህራን ማሠልጠኛው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተጨመረ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

ተማሪ ሲበዛ ሥራም በዛ። ቤት ያለው ክፍል አከራየ። ሴቶች እንጀራ ጋግረው ሸጡ። ልብስ አጣቢውም፣ ጫማ ጠጋኙም ገበያ አገኘ። ጋሼ አንድ ጣሊያንኛ ቀመስ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ከለመዱ በኋላ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። ዕቃቸው አንድ ፖምፓ፣ አንድ ፒንሳ፣ ጥቂት ቁልፎችና ውሃ የተሞላ ሳፋ ብቻ ነበር።

«ክረምት ሲገባ ተማሪው ወደየአገሩ ይበተናል። ገበያው ጭር ይላል» አሉን። «ገበሬ ሰኔን ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ መስከረምን እጠብቅ ነበር።»

የእጅ ትምህርትና የመጽሐፍ ትምህርት

አንድ ቀን የብረት ሥራ የሚማር ባለ መነጽር ተማሪ ጎማው ተንፍሶበት መጣ። ልጁ ብዙ ያውቃል። የብስክሌቱን ጥርሶች ቆጠረና እንዲህ አላቸው፦ «ጋሼ፣ የፊቱ 48 ጥርስ ነው፤ የኋላው 16 ነው። 48 ለ16 ሲካፈል 3 ነው። ስለዚህ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ብናዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ይዞራል።» ጋሼ ዘመናቸውን ሙሉ ካቴና ሲጠግኑ ይህን አያውቁም ነበር። ብስክሌቱን ገልብጠው ፔዳሉን አዞሩና ቆጠሩ። እውነትም ሦስት ጊዜ ዞረ።

ያው ተማሪ ግን ቀዳዳ መጠገን አያውቅም። ጋሼም አስተማሩት፦

መጀመሪያ ከመነዳሪውን ከጎማው ውስጥ ማውጣት ነው። ቀጥሎ በፖምፓ ነፍቶ ውሃ ውስጥ መንከር። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው፤ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ አድርቆ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። ማስቲሽ ቀብቶ ጥቂት መታገሥ፤ ማስቲሹ ጠፈፍ ሳይል ቢለጥፉት አይዝም። ከዚያ መለጠፊያውን ጎማ ጥብቅ አድርጎ መጫን። በመጨረሻም የጎማውን ውስጥ በጣት መዳበስ ያስፈልጋል። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ጥገናው ከንቱ ነው።

እንዲህ እየተማማሩ ወዳጆች ሆኑ።

በቆርቆሮው በር ላይ

ተማሪ ሁልጊዜ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ጋሼ በዱቤ ይሠሩ ነበር። ፊደል ግን አልቆጠሩም። ዕዳውን የሚይዙት በቆርቆሮው በር ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ነው። ለረጅሙ ልጅ ረጅም መስመር፣ ኮፍያ ለሚያደርገው ሦስት ማዕዘን፣ ለባለ መነጽሩ ሁለት ክብ። ከምልክቱ ጎን አንድ ጭረት አንድ ብር ነው። ሰው ሲከፍል በጨርቅ ያጠፉታል።

በ1966 ዓ.ም. ሌላ ባለ መነጽር ተማሪ ደንበኛ ሆነ። ለእሱም ሁለት ክብ አደረጉለት። ሁለቱም ካቴና አስለውጠው ሦስት ሦስት ብር ዕዳ ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ባለ መነጽር አንድ ቅዳሜ መጥቶ ከፈለ። ጋሼ ምልክቱን አጠፉ። ያጠፉት ግን የሌላውን ነበር። ከወር በኋላ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲያልፍ ጠሩትና «ያቺን ሦስት ብር ረሳሃት እንዴ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ከፍያለሁ እኮ።»

«በሩ ላይ አለች፤ በር አይዋሽም!»

ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁ ፊቱ ቀላ። ምንም ሳይመልስ ከኪሱ ሦስት ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሥራ ቤቱ አልመጣም። ጋሼም «ቀጣፊ ነበር ማለት ነው» ብለው ተዉት።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀና ተማሪዎች ወደ ገጠር ተላኩ። በመሄጃቸው ዋዜማ ሁለተኛው ባለ መነጽር መጣ። «ጋሼ፣ ነገ እንዘምታለን። የካቴናውን ሦስት ብር ልክፈልዎት» አለ። ጋሼ በሩን ተመለከቱ። ምንም ምልክት የለም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸውና ላብ አሰመጣቸው።

«ያን ልጅ ሁለት ጊዜ አስከፈልሁት፤ በሰው ፊትም ዋሾ አደረግሁት» አሉን። በማግሥቱ ሌሊት ተነሥተው ወደ ትምህርት ቤቱ በር ገሠገሡ። መኪናዎቹ ግን ተንቀሳቅሰው ነበር።

ልጁ ከዚያ ወዲህ አልታየም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣት አልቋል። ጋሼ የእሱን ነገር ለመጠየቅ እንኳ አልቻሉም፤ ስሙን አያውቁትምና። የሚያውቁት ሁለት ክብ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መስመር

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጋሼ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ገብተው ፊደል ቆጠሩ። «እጄ መፍቻ እንጂ እርሳስ አልለመደም፤ ሁለት እርሳስ ሰበርሁ» ብለው ሳቁ። መጻፍ ሲችሉ አንድ ደብተር ገዙና በሩን በውሃ አጠቡት።

ያን ደብተር አሳዩን። የመጀመሪያው መስመር በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ባለ መነጽሩ። ከእኔ ላይ 3 ብር አለው። አልተከፈለም።»

ከሥሩ ያሉት የሌሎች ሰዎች ዕዳዎች ሁሉ ተሰርዘዋል። ያ መስመር ግን እስከ አሁን አልተሰረዘም።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ጋሼ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጁም ዋሾ አልነበረም። ሁለቱን ያለያያቸው የጠመኔ ምልክት ነው። በገጠርም ስንት ጎረቤት በአንድ ቁና ጤፍ፣ በአንድ ቀን የበሬ ውሰት ተጣልቶ ቀርቷል! ስለዚህ ፊደል የለያችሁ አንባቢዎች ብድር ስትሰጡም ሆነ ስትቀበሉ በደብተር አስፍሩ። እነዚህን አምስት ነገሮች አትርሱ፦

1. ቀኑን፣
2. የሰውየውን ሙሉ ስም፣
3. የተሰጠውን ነገር፣
4. መጠኑን፣
5. መከፈሉንና የተከፈለበትን ቀን።

ስትጽፉ ሌላው ወገን አጠገባችሁ ሆኖ ይስማ፤ ጽፋችሁም አንብቡለት። መጻፍ ወዳጅን አለማመን አይደለም። ወዳጅ ያለ በደሉ እንዳይታማ መጠበቅ ነው።

የቃላት ፍች

ከመነዳሪ — በጎማ ውስጥ አየር የሚይዘው ስስ ጎማ
ፖምፓ — አየር መንፊያ
ማስቲሽ — ጎማ ማጣበቂያ
ካቴና — የብስክሌት ሰንሰለት
ዱቤ — ኋላ ሊከፈል የሚሠራ ወይም የሚሸጥ ነገር

ጥያቄዎች

1. ጋሼ መስከረምን የሚጠብቁት ለምን ነበር?
2. የፊቱ ጥርስ 36፣ የኋላው 18 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ስንት ጊዜ ይዞራል?
3. ልጁ መክፈሉን እያወቀ ለምን እንደገና ከፈለ? ተወያዩበት።
4. በቤታችሁ ያለውን አንድ ብድር ከላይ በተሰጡት አምስት ነጥቦች መሠረት በደብተራችሁ ጻፉ።