በመደፈር ላይ ሌላ ሸክም ሲደረብ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጉዳይ በቁምስናዎቻችን ሲነሣ ድምፅ ዝቅ የሚደረግበት ነው። መደፈር በማንኛዋም ሴት ላይ ሲደርስ ከባድ በደል መሆኑ አያከራክርም። እኛ ግን እዚህ ላይ ልናተኩር የምንወደው ሌላ ሸክም በተደረበባቸው እኅቶች ላይ ነው፤ ይኸውም መስማት በተሳናቸው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም የአእምሮ ሕመም ባለባቸው፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን በተመለሱት ላይ። እነዚህም እንደ ሌሎቹ ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ያስፈልጓቸዋል። ነገር ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አብሯቸው የሚሄድ፣ ሥራውንም የተማረ አንድ አጋዥ ከሌላቸው፣ ሌላው ሁሉ ሊደርሳቸው አይችልም።

ሕጉ አልዘነጋቸውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ቢያገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 620 ለመደፈር ወንጀል ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሲደነግግ፣ በእርጅና ወይም በአካልና በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚደረግባትን ለመረዳት ወይም ለመከላከል በማትችል ሴት ላይ ሲፈጸም ቅጣቱን እስከ 20 ዓመት ያደርሰዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 13 የፍርድ ሥነ ሥርዓቱ እንዲመቻችላቸው ያዛል። ችግሩ ከሕጉ ገጽ እስከ ምስክሩ ወንበር ባለው መንገድ ላይ ነው።

መስማት የተሳናትን ልጃገረድ እንውሰድ። ትምህርት ቤት ገብታ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ከተማረች፣ በሠለጠነ አስተርጓሚ አማካይነት ቃሏን ልትሰጥ ትችላለች። ትምህርት ቤት ያልደረሰችው ግን ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባበት የቤት ምልክት እንጂ ሌላ ቋንቋ የላትም። ፖሊስ ጣቢያ ስትቀርብ ማን ያስተርጉምላት? ወንድሟ ወይም አጎቷ ይጠራል። እንግዲህ የደፈራት የቤቱ ሰው ወይም ጎረቤት ከሆነ፣ ቃሏ የሚያልፈው ዝም እንድትል በሚፈልግ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ክፋት የሌለበት ወንድም እንኳ ስለ እፍረት ያሳጥራል፤ ለመናገር የሚከብደውን ይዘላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጉዳይ ዘመድ አስተርጓሚ መሆን የለበትም እንላለን። የቤት ምልክቷን የሚያውቅ ሰው የግድ ካስፈለገም፣ ምልክቱን ለሠለጠነው አስተርጓሚ ያስረዳ እንጂ ብቻውን አይቁም።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባትም «እንዲህ ነው አይደል?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ጠያቂውን ላለማስቀየም «አዎ» ማለት ይቀናታል። በማግሥቱ በሌላ ሰው ስትጠየቅ ሌላ «አዎ» ትላለች፤ ከዚያም ቃሏ ተለዋወጠ ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ቀኑን በቍጥር መናገር ባትችልም «ገበያው ዕለት» ወይም «የጥምቀት ማግሥት» ማለት ትችል ይሆናል። አጋዡ ይህን ለመርማሪው አስቀድሞ ያስረዳል፤ ጥያቄው አጭር እንዲሆን፣ ዕረፍት እንዲሰጣት፣ አንድ ጊዜ በሚገባ ተጠይቃ እንዲያበቃ ይሟገትላታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሕግ እንዲህ ላሉ ምስክሮች በፍርድ ቤት የሚያግባባ ባለሙያ እንዲመደብ ፈቅዷል።

አጋዡ የፖሊስ ሰው አይደለም፤ የቤተሰቡም መልእክተኛ አይደለም። ያለውን አማራጭ በሚገባት መንገድ ያስረዳታል እንጂ ስለ እርስዋ አይወስንም።

ካህንስ ይህን ሥራ ሊይዘው ይገባልን? አይገባም ባዮች ነን። ተጠቂዋ ራሷን እንደ ኃጢአተኛ ቆጥራ ወደ ኑዛዜ ብትመጣ፣ በዚያ የሰማነውን ለማንም ልንገልጥ አንችልም፤ ስለዚህ ምስክር ልንሆናት አንችልም። ልናደርግላት የሚገባው በግድ የተፈጸመባት ኃጢአት እንዳልሆነ መንገር፣ ከኑዛዜ ውጭም ርዳታ እንድትፈልግ ማበረታታት ነው። ቅዱስ አውጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ410 ሮም በተዘረፈች ጊዜ ስለ ተደፈሩት ሴቶች «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ድርሳኑ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ፈቃድዋ እስካልተባበረ ድረስ የሌላው ዓመፅ ንጽሕናዋን እንደማይነካ አስተምሯል። ከዚያ ወዲህ ከ1,600 ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ ዛሬም «ለምን አልጮኸችም?» የሚሉ አሉ፤ ድምፅ ስለሌላትም ልጅ ሳይቀር!

ሽማግሌዎቻችንን እናከብራለን፤ ስለ ድንበርና ስለ ከብት የሚያስታርቁት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን በመደፈር ጉዳይ ካሣው ለአባት ተከፍሎ ልጅቱ በዚያው ቀዬ ከደፋሪዋ ጋር ስትቀር ዕርቁ የማን ነው?

ከዓረብ አገር የተመለሰችው እኅት ሸክም ደግሞ ሌላ ነው። በደሉ የተፈጸመው በባዕድ ምድር በመሆኑ ክስ መመሥረት እጅግ አስቸጋሪ ነው። አንዳንዷ ሕፃን ታቅፋ ትመጣለች፤ ቤተሰቡ ግን የሚጠብቀው ገንዘብ ነው። እንቅልፍ ስታጣ፣ በድንገት ስትጮኽ «ለክፏት ነው» ይባላል። ጠበል መሄዷን አንከለክልም፤ መድኃኒቷን ማስጣል ግን አደጋ ነው። እዚህ ላይ የአጋዡ ሥራ ከችሎት ይልቅ ማደሪያ ማግኘት፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ማድረስ፣ የሕፃኑን ልደት ማስመዝገብ ይሆናል።

በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ምክሩና የፖሊሱ ጉዳይ በአንድ ስፍራ የሚፈጸምበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተቋቁሟል፤ የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያ ይሰጣል። ርቀው ያሉ ቁምስናዎች በቅርባቸው ያለውን ሆስፒታልና የሠለጠነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማን እንደሆነ ችግር ሳይደርስ አስቀድመው ይወቁ። የኤች አይ ቪን መተላለፍ የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማታ የመጣችን እስከ ሰኞ ቆዪ ማለት አይገባም። ሐኪም ሳያያት ገላዋን እንዳትታጠብ ይነገራት፤ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ አብሯት ይሂድ።