ትምህርት፦ ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ለምን ይበላሻል?



ራሱን፣ ደረቱንና ክንዱን ለየብቻ ሥላችሁ በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ከጀመራችሁት መካከል ብዙዎች፣ ክንዱ ሲታጠፍ ሥዕሉ ሲበላሽባችሁ ሁሉን ሰርዛችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። በአንድ ኮምፒውተር በተራ ለሚማር ሰው ይህ ተራን በከንቱ ማሳለፍ ነው። ከመሰረዝ በፊት ስሕተቱን መለየት ይበጃል። ለምሳሌ በነጻ የሚገኘውንና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ብሌንደርን እንውሰድ።

1. ክንዱ አይታጠፍም። ሥዕሉ የተለጠፈበት ገጽ ሲገባ በማዕዘኖቹ ላይ 4 ነጥቦች ብቻ አሉት። በኤዲት ሞድ ኮንትሮልንና አርን አብራችሁ ተጭናችሁ፣ በክርኑ አካባቢ 3 ያህል መስመሮች ጨምሩ። ከልክ በላይ ብትጨምሩ ግን ማስተካከሉ ይከብዳል።

2. ክንዱ ሲነሣ ደረቱም አብሮ ይሳባል። የክንዱ አጥንት የደረቱን ነጥቦች ይዟል ማለት ነው። በዌይት ፔይንት፣ የክንዱ አጥንት በደረቱ ላይ ያለውን ድርሻ ወደ ዜሮ አውርዱ።

3. ትከሻው ላይ ክፍተት ይታያል። ይህ የነጥብ ስሕተት አይደለም፤ ሥዕሉ አጥሮ ነው። የክንዱን ጫፍ ክብ አድርጋችሁ፣ ከደረቱ ሥር እስኪገባ አስረዝማችሁ ሣሉት።

4. የተደራረቡ ክፍሎች ይብለጨለጫሉ። ሁለቱ በአንድ ጥልቀት ላይ ስለሆኑ አንዱን በጥቂቱ ወደ ፊት አምጡት።

ነጥብ ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ማስቀመጥ አትርሱ። የተበላሸው ቢበላሽ የትናንቱ ሥራ አይጠፋም።

መልመጃ፦ አንድ ክንድ ብቻ ሥላችሁ እጠፉት። ከአራቱ ስሕተቶች የትኛው እንዳጋጠማችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ሙሉ ሰው ተሻገሩ።