ከአሸንጌ እስከ ባዝ

መምህሩ ሮቢት የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ጠያቂው ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሊሄድ የተሰናዳ የእህታቸው ልጅ።

ልጅ፦ ጋሼ፣ የምማረው ባዝ ከምትባል ከተማ ነው። ምን የሚታይ ነገር አላት?

መምህር፦ ፍል ውሃ አላት። ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩበት፣ ዛሬም 46 ዲግሪ ሆኖ የሚፈልቅ ነው። አዲስ አበባ ያለ ፍል ውሃ እንደማትቆረቆር ሁሉ ባዝም ያለ ውሃዋ ከተማ አትሆንም ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ሀብታም ለመታከምም ለመታየትም ይጎርፍባት ጀመር፤ ያማሩት ቤቶች ያኔ ተሠሩ። ሮያል ክሬሰንት የሚሉትን እይ፤ 30 ቤት በግማሽ ክብ ተያይዞ ቆሟል።

ልጅ፦ ታዋቂ ሰዎችስ?

መምህር፦ ሞልተዋል። ደራሲዋ ጄን ኦስተን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1801 እስከ 1806 ኖራባታለች። ከተማዋን እምብዛም አልወደደቻትም ይባላል፤ ከተማዋ ግን በስሟ ትነግዳለች። ዊልያም ሄርሼል ደግሞ ሙዚቀኛ ነበር። በ1781 ከቤቱ ጓሮ ሆኖ፣ ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ዩራነስን አገኘ። ይህን ሁሉ አስጎብኚ ይነግርሃል። አንተ አስቀድመህ ኬልስተን መንገድ ሂድ።

ልጅ፦ እዚያ ምን አለ?

መምህር፦ ፌርፊልድ ሐውስ፤ ጃንሆይ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩበት ቤት። የስደታቸው መንገድ እኮ የሚጀምረው ከዚሁ ከደጃችን ነው። ቆቦን፣ ዋጃን፣ አላማጣን አልፈህ ዳገቱን ስትወጣ ኮረም ነው፤ ከዚያ አሸንጌ፣ ቀጥሎ ማይጨው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ሳይቀናቸው ቀረ። የሚመለሰውን ሠራዊት የጣሊያን አውሮፕላን አሸንጌ ዳር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ፈጀው።

ልጅ፦ የኛም ሰዎች ተኩሰውበታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህር፦ እውነት ነው። ከራያና ከአዘቦ ጣሊያን ያስታጠቃቸው ነበሩ። አትደብቀው፤ ስታወራው ግን ምክንያቱን አትቁረጥ። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ መንግሥት ዐመፅ ለማብረድ እዚህ ጦር አዝምቶ ነበር፤ ቂሙ አልበረደም። ጃንሆይ በላሊበላ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሚያዝያ 24 በባቡር አገር ለቀቁ። ሰኔ ላይ ጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ ሰሚ አጡ። ከዚያ ነው ባዝ።

ልጅ፦ ለንደን አይሻላቸውም ነበር?

መምህር፦ መጀመሪያ የሄዱት ለፍል ውሃው ነው፤ ቆይተው ቤቱን ገዙ። እስከ ሰኔ 1932 መኖሪያቸው እሱ ነበር። ገንዘብ አጥሯቸዋል፤ እቴጌ መነንንም ብርዱ አስመርሯቸዋል። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በዚያ ችግር መሃል ነው። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አብረዋቸው የተሰደዱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ነገር ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ለአገራቸው ጽፈው፣ መስከረም 1931 ባዝ ላይ ዐረፉ። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ እሳቸው አልነበሩም።

ልጅ፦ ቤቱ አሁን የማን ነው?

መምህር፦ ጃንሆይ በፈረንጅ 1958 ለከተማዋ አረጋውያን እንዲሆን ሰጡት። ዛሬም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል፤ ራስታዎችም እንደ ቅዱስ ስፍራ ይሄዱበታል። እንደ ሮማውያኑ መታጠቢያ በየቀኑ ለጎብኚ የሚከፈት እንዳይመስልህ፤ ከመሄድህ በፊት ቀኑን ጠይቅ።