መወጣጫህን አርዝመው

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር በማኅበር ተደራጅታችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ የጫኝና አውራጅ ሥራ ልትይዙ መሆኑን፣ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ተዘርጊ መወጣጫ ለማሠራትም ብድር መጠየቃችሁን እናትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በመጋዘን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና «ይቅናችሁ» ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈለግኩም። ይህ ሥራ ሰው ያጎብጣል፤ ጥንቃቄ ከጎደለው ደግሞ ይገድላል። የጻፍኩልህን ለብቻህ ሳይሆን ከማኅበሩ ልጆች ጋር ሆነህ አንብበው።

1. ችግራችሁ ከፍታው መሆኑን እወቁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር አንስቶ መሬት የሚያስቀምጥ ማሽን አለ። እኛ ዘንድ ግን ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው ኮንቴይነር መኪናው ላይ እንዳለ ይራገፋል፤ ባዶውም በዚያው መኪና ይመለሳል። ክሬን ከሩቅ አስመጥቶ ማስነሳት ብዙ ነጋዴ የሚደፍረው ወጪ አይደለም። መኪና ላይ ያለ ኮንቴይነር ወለሉ ከመሬት ከ1.3 እስከ 1.6 ሜትር ከፍ ይላል፤ የቆመ ሰው ደረት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ባለ 20 ጫማው እንኳ ከ200 ኩንታል በላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ሁሉ ዕቃ ሲያወርድ የኖረው የወዛደር ትከሻ ነው። ባዶው በተሰጠው ቀን ካልተመለሰ አስመጪው ላይ ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ሹፌሩም ለቆመበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉም «ቶሎ በሉ» ይላችኋል። እኔ ካየኋቸው አደጋዎች የሚበዙት በዚህ ጥድፊያ የደረሱ ናቸው።

2. ከጥንካሬው በፊት ርዝመቱን ጠይቁ። ወደ በያጅ የሚሄድ ሰው ሁሉ «ስንት ቶን ይችላል?» ይላል፤ «ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥቂት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነውና ሥራው። 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ የ3 ሜትር ጣውላ ብታስደግፍ ጣውላው ወደ 28 ዲግሪ ያዘነብላል። በዚያ ላይ 200 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ እንዳይንሸራተት ለመያዝ፣ ሰበቃውን ትተን፣ 93 ኪሎ የሚያህል ጉልበት ይጠይቃል። ያው ዕቃ ከዚያው ከፍታ በ10 ሜትር መወጣጫ ቢወርድ 28 ኪሎ ይበቃዋል። ዕቃው አልቀለለም፤ መንገዱ ነው የረዘመው።

ይህን ሀገራችን ከጥንት ታውቀዋለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ሲያደርሱ ወራት የወሰደባቸው ከመጎተቱ ይልቅ መንገድ መጥረጉ ነበር። ሰው በገመድ የሚጎትተው መድፍ ገደል በቀጥታ አይወጣምና አለቱ እየተጠረበ መንገዱ መለዘብ ነበረበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ የሚወርደው፣ ከአባይም ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። አንተም በአጭር ጣውላ ቀን ለማትረፍ አትሞክር። ቦታ ካለህ 10 ሜትር፣ ከዚያም በላይ አድርገው።

3. «ተዘርጊ» የሚለው ስም አያታላችሁ። አንዱ ብረት ከሌላው ውስጥ እየወጣ የሚረዝም መወጣጫ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ሲታጠፍ ኢሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል፣ ሲዘረጋ ዝቅ ላለውም ከፍ ላለውም መኪና ይሆናል። ነገር ግን መሐሉ ላይ ድጋፍ የሌለው ብረት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ በዚያው ጭነት የሚደርስበት የመታጠፍ ጫና እጥፍ ይሆናል፤ መጉበጡ ደግሞ ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚነግርህ ቶን ሲታጠፍ ያለው ነው ወይስ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ? ለአንዱ ነው ወይስ ለጥንዱ? ይህን ሳያስረዳህ ገንዘብ እንዳትቆጥር።

የውስጠኛው ብረት ከውጪው ጨርሶ ሊወጣ ሲል ነው የሚሰበረው። በውስጠኛው ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ፤ ቀዩ ከታየ መዘርጋት ይቁም። መያዣው ፒን በሁለቱም ጎን ይግባ። መሐሉ ላይ የሚተከል እግርም አሠሩለት። ባጃጅና ሞተር ለማውረድ ጥንድ ቀላል መወጣጫ ይበቃል። ፎርክሊፍት የሚወጣበት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጎማ ያለው፣ ጫፉ በእጅ በሚመታ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ከፍና ዝቅ የሚል ትልቁ መወጣጫ ያስፈልጋችኋል። እሱን ስታሠሩ ጫፉ ላይ 2 ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ክፍል ይኑረው። ተዳፋቱ በቀጥታ ከኮንቴይነሩ ወለል ጋር ከተጋጠመ የፎርክሊፍቱ ሆድ ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሹካውም ወለሉን ይወጋል።

4. ማሽኑንም መዝኑት። ብዙ ሰው ዕቃውን ብቻ ይመዝናል። 2.5 ቶን የሚያነሳ ፎርክሊፍት ራሱ 4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ 1.5 ቶን ዕቃ ሲይዝ መወጣጫው ላይ የሚወጣው 5.5 ቶን ነው። ከዚህ ክብደት አብዛኛው የፊተኛው አክሰል ላይ ያርፋል። የኮንቴይነር ወለል ደግሞ በዓለም አቀፉ መስፈርት በአንድ አክሰል እስከ 5,460 ኪሎ እንዲችል ነው የሚሠራው። አሮጌ ከሆነ፣ ጣውላው ከበሰበሰ ወይም ከስሩ ያለው ብረት ከዛገ እዚያ አይደርስም። ከታች አጎንብሰህ እይ።

ከበያጅ የተረከባችሁትን መወጣጫ ሰው ሳይወጣበት ፈትኑት። ለ6 ቶን የተሠራ ከሆነ 75 ኩንታል እህል ደርድሩበትና እደሩ፤ ይህ ከሚሸከመው በሩብ የሚበልጥ ነው። በማግስቱ እህሉን አንስታችሁ በክር ለኩ። የጎበጠው ካልተመለሰ፣ ብየዳውም ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለ ወደ በያጁ ይመለስ።

5. መኪናው ሳይታሰር ማንም አይውጣ። አንድ ክረምት አንድ መጋዘን በር ላይ ጄኔሬተር በሁለት ጣውላ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ጣውላዎቹ በምንም አልታሰሩም፤ ጎማው ስርም ታኮ አልነበረም። ጄኔሬተሩ መሐል ሲደርስ መኪናው ስንዝር ያህል ወደ ፊት ሄደ፤ የጣውላዎቹ ጫፍ ከጠርዙ ወረደ። ከታች ሆኖ ሲደግፍ የነበረው ልጅ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ዛሬ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፤ ኩንታል ግን አይሸከምም።

ቅደም ተከተሉን በቃል ያዙት። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተር ይጥፋ። ቁልፉን ከሹፌሩ ተቀብሎ የማኅበሩ ኃላፊ ኪሱ ይክተት፤ ሹፌር በልምድ ፈቀቅ ሊያደርገው ይችላልና ይህን ቀላል ነገር አትናቁት። የኋላ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባባቸው። ተሳቢው ከፊተኛው መኪና ተፈትቶ ከቆመ፣ ፎርክሊፍቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ፊቱ እንዳይደፋ ከስሩ ጠንካራ ድጋፍ ይቁም። ከዚያ መወጣጫው በሁለት ሰንሰለት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ከኮንቴይነሩ ማዕዘን ጋር ይታሰር። ድንጋይ ታኮ አይሆንም፤ ከወፍራም ሞራሌ አስጠርባችሁ ገመድ አስሩበት፤ ሲወጣ ማንም እጁን ጎማ ስር እንዳይከት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርክሊፍቱ ሲገባ የመኪናው ባሌስትራ ይተኛል፤ ሲወጣ ይነሳል። የመወጣጫው ጫፍ ከዚህ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ በማጠፊያ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ይኑረው። ድርቅ ብሎ የተበየደ ጫፍ በየዙሩ ይነሳና ይወድቃል፤ ከቀናት በኋላ ብየዳው ይለቃል።

6. በሩን ከአባይ እንደመጣ ዕቃ ክፈቱት። ከኛ በፊት ያለው የመጨረሻው ትልቅ ዳገት አባይ ላይ ካለው ከህዳሴ ድልድይ ደጀን ድረስ ነው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ያን ሁሉ መንገድ ዕቃው ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ እየተገፋ ነው የሚመጣው። በደንብ ያልታሰረ ጭነት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ በሩ ላይ ተደግፎ ይቆያል። በሩን የከፈተ ሰው ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የማሸጊያውን ቁጥር ባለንብረቱ ባለበት ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ የሁለቱን በሮች መቀርቀሪያ ብረቶች አንድ ላይ በጠንካራ ቀበቶ ልል አድርጋችሁ እሰሩ፤ በሩ አንድ ክንድ ያህል ብቻ እንዲከፈት። ቀድሞ የሚከፈተው የቀኙ በር ነው፤ ግራውን ደርቦ የሚይዘው እሱ ነውና። የሚከፍተው ሰው ከበሩ ጀርባ፣ ከጎን ይቁም። ውስጡን በባትሪ አይታችሁ ዕቃው ካልተደገፈ ብቻ ቀበቶውን ፍቱ።

ከፍታችሁም ወዲያው አትግቡ። አንዳንድ ኮንቴይነር ለተባይ ማጥፊያ በመርዝ ጋዝ ታጥኖ ይላካል፤ በሩ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ካለ ባለሙያ ሳያየው አይገባም፤ ጽሑፍ ባይኖርም በደንብ ይናፈስ። ከጅቡቲ ሙቀት ወደኛ ብርድ ሲመጣ እርጥበቱ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ወለሉ ያንሸራትታልና ጥረጉት።

7. ማሽኑ እዚህ እንደ ባህር ዳርቻው አይጎትትም። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል። ፎርክሊፍት ስትከራዩ ዳገት ላይ አስወጥታችሁ ሞክሩት። ጭነት የያዘ ፎርክሊፍት ምንጊዜም ጭነቱ በዳገቱ በኩል ይሁን፤ ሲወርድ ወደ ኋላ ነው የሚወርደው። መወጣጫ ላይ መዞር ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

8. ክረምቱን አስቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራው አይቆምም፤ የማዳበሪያ ወቅቱም አይጠብቅም። ደረቁን መረሬ ያየ ሰው ድንጋይ ነው ይላል፤ ሲረጥብ ግን የመወጣጫው እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል፣ ያውም በአንድ በኩል ብቻ። እግሩ የሚያርፍበት ወፍራም ላሜራ ወይም ሞራሌ ሰፋ አድርጋችሁ አንጥፉ። የመወጣጫው ወለል ውሃና ጭቃ ወደ ታች የሚያሳልፍ፣ እንደ ወንፊት ክፍት የሆነ ብረት ይሁን። ለስላሳ ላሜራ በእኛ ክረምት አይሆንም።

9. መወጣጫው የማን እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ። ስለዚህ ነገር ከሁሉም በላይ እጨነቃለሁ። መወጣጫና ፎርክሊፍት ሲመጣ ታላላቆቻችሁ ወዛደሮች «እንጀራችን ሄደ» ይላሉ፤ ስጋታቸው እውነት ነው። አንድ ባለሀብት መወጣጫውን ገዝቶ አምስት ሰው ቢቀጥርበት የቀሩት ያለ ሥራ ይቀራሉ። እንደ ጎዛምን ዩኒየን ያሉት መጋዘኖች ላይ 400 ኩንታል ማዳበሪያ የያዘ መኪና በባለ 50 ኪሎ ሲቆጠር 800 ጆንያ ነው፤ እያንዳንዱ በሰው ጀርባ ይወርዳል። ይህን ጀርባ ማሳረፍ እንጂ ባለቤቱን ማባረር ዓላማችሁ አይሁን።

ስለዚህ መወጣጫው በማኅበሩ ስም ይሁን፤ ነባሮቹንም አባል አድርጓቸው። ዋጋችሁን በኮንቴይነር እንጂ በሰው ቁጥር አትዋዋሉ፤ ሥራው ሲፈጥን ትርፉ የእናንተ እንዲሆን። ጉልበቱ የደከመ አዛውንት ታኮና ሰንሰለት ይቆጣጠር፤ እሱ እጁን ሳያነሳ ፎርክሊፍት አይንቀሳቀስ። እሱ ሁሉን አይቶ የጨረሰ ዓይን አለው። ከየኮንቴይነሩ ገቢ ላይ ለጥገናና ለታመመ አባል የሚሆን ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ሰው ስትቀጥሩ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናንተንም አሠሪ ያደርጋችኋል፤ የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ ግዴታችሁ ነው። ጫማና ጓንት ሳትገዙ ሰው አታሰማሩ።

10. ከብረቱ በፊት ድንጋዩን ተመልከቱ። ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም ካነሰ ተስፋ አትቁረጡ። ከተማችን ተዳፋት ናት፤ ይህን ጥቅም አድርጉት። ቁልቁል ያዘነበለ ቦታ ፈልጋችሁ መኪናው የሚቆምበትን በኩል ቆርጣችሁ 1.4 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ አስገንቡ፤ የላይኛው ወገን ከመጋዘኑ ወለል ጋር እኩል ይሆናል። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ 10 ሜትር መወጣጫ ሳይሆን በመኪናውና በግንቡ መሐል የሚዘረጋ የ2 ሜትር ጠንካራ የብረት ድልድይ ነው። መኪናው ከግንቡ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ እንኳ ተዳፋቱ ለጋሪ የሚከብድ አይሆንም። ድንጋይ በአካባቢያችን ሞልቷል፤ ግንበኛም አለን። ግንቡ ላይ የውሃ ማውጫ ቀዳዳ መተው አይዘንጋ፤ ከጀርባው ያለው መረሬ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግንብ ይገፋልና ጠጠር ሙሉበት። የመኪናው መቆሚያ ዝናብ እንዳያቁር ቦይ ይውጣለት። ቦታውን ከከተማ አስተዳደሩ አሁኑኑ ጠይቁ፤ መሠረቱ ከግንቦት ሳያልፍ ይቆፈር፣ ሰኔ ከገባ በኋላ መረሬ አይቆፈርም።