ክፍት የተተወ በርና የጠፋ ፈረስ

ለማኅበር ጥናት የተዘጋጀ
ምንባብ፦ ዘዳግም 22፥1-4፤ ዘጸአት 23፥4-5፤ 1ኛ ሳሙኤል 9፥1-20

በዚህ ጥናት የምንመለከተው ነገር በደጋው አገር ለምንኖር ሁሉ እንግዳ አይደለም። ማታ የበረቱ መዝጊያ ሳይቀረቀር ያድራል፤ ሲነጋ ፈረሱ በስፍራው የለም። አባወራው ይቈጣል፤ እረኛው ልጅ ይንቀጠቀጣል፤ ቤተ ሰቡም የኮቴውን ዱካ ገና ሳይከተል የጎረቤቱን ስም ማንሣት ይጀምራል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት እንዲህ ላለው ዘግይቶ ለሚመጣ ትጋት ነው። ነገር ግን በዚያ በር የሚወጣው ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ካልተጠነቀቅን የጎረቤት ፍቅርና የልጅ እምነትም ተከትለውት ይወጣሉ። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ክፍል እንመርምረው።

1ኛ. በአደራ የተሰጠን ሀብት

ፈረስ በአገራችን ታላቅ ክብር ያለው እንስሳ ነው። ነገሥታቱ እንኳ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ፈረስ በዐድዋ ጦርነትና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ለገበሬው ግን ፈረስ ከበዓልም ይበልጣል፤ በሽተኛን ወደ ሐኪም፣ እህልን ወደ ገበያ፣ ሽማግሌን ወደ ለቅሶ ቤት የሚያደርስ እርሱ ነው።

ይህም ሀብት ለአገር ሁሉ አልተሰጠም። በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ መስጊድና የፖሊስ ማሠልጠኛ ባለበት በኪቡሊ ኮረብታ የሚኖር ወገናችን፣ በእንጅባራ መንገድ እንደሚያየው ያለ የፈረስ ብዛት በዚያ አያይም። ለዚህ አንዱ ምክንያት እኛ የገንዲ ዝንብ የምንላት፣ ደም የምትመጥ ዝንብ ናት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ይህች ዝንብ ባስተላለፈችው የእንቅልፍ በሽታ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ፈረስንና ከብትን የሚገድለውንም ገንዲ የምታመጣ እርስዋ ናት። ደጋችን ከፍ ያለና ቀዝቃዛ በመሆኑ ዝንቢቱ አትኖርበትም፤ ወደ ቆላው ሸለቆ የወረደ ፈረስ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

የበረቱ በር ከሌባ ብቻ አይጠብቅም። ጅብ በሌሊት ይዞራል። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውንም ብርቱ ደዌ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች አብዝተው የሚበሩት ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ስለዚህ ፈረስን ማታ በቤት ማስገባት አንዱ መከላከያ ነው። ደግሞም ያመለጠ ፈረስ ከእህል ክምር ቢደርስ ያለ ልክ ይበላል፤ የበላውንም ማስታወክ ስለማይችል በሆድ ቁርጠት ሊሞት፣ ወይም በኮቴው ሕመም ሊሰናከል ይችላል። እንግዲህ መቀርቀሪያውን መወርወር የአንድ አፍታ ሥራ ቢሆንም የሚጠብቀው ነገር ብዙ ነው።

2ኛ. የበሩ ኀላፊ ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በእረኛው ላይ ነው። ሕጋችን ግን ወደ ባለቤቱ ይመለከታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ እንኳ ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ፈረሳችን የጎረቤትን ቡቃያ ከረገጠ «ልጁ ነው የረሳው» ማለት አያድነንም። በፈረሱ የሚጠቀመው ባለቤቱ እንደ ሆነ፣ ማታ ወጥቶ በሩን መመልከትም የእርሱ ድርሻ ነው።

ልጁንስ ምን እናድርገው? የቂስ አህዮች በጠፉ ጊዜ አባቱ ሳኦልን ከአንድ ብላቴና ጋር ልኮት ነበር። ቀኑ ሲረዝም ግን ቂስ የአህዮቹን ነገር ትቶ ስለ ልጁ መጨነቅ ጀመረ። ይህን አባት ልብ በሉት! ቍጣን ፈርቶ ወደ ጫካ የሸሸ ወይም «ሳታገኘው እንዳትመለስ» ተብሎ በጨለማ የተላከ ልጅ ከፈረሱ ይልቅ የከፋ አደጋ ላይ ነው። ፈረስ በገንዘብ ይተካል፤ ልጅ አይተካም። ደግሞም በእውነት የሚመታ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ «በሩን ዘግቼ ነበር» ብሎ መዋሸትን ይማራል፤ ያን ጊዜ ፍለጋው ከመጀመሪያው ይሳሳታል።

3ኛ. ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት

በቀድሞው ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪገለጥ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከል ነበር። በአንድ ሰው በደል ብዙዎች ከእርሻቸው ተለይተው ይውሉ ነበር። ሥርዓቱ ቢቀርም በልባችን ግን አፈርሳታ የምናቆም አለን፤ መንደሩን ሁሉ በጥርጣሬ እናስራለን። አንድ ጊዜ «ሌባ» የተባለ ሰው ፈረሱ በማግሥቱ ከወንዝ ዳር ቢገኝም ስሙ አይመለስለትም፤ ከዚህም ቂም፣ ከቂምም ደም መፋሰስ ይወጣል።

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባዘጋጀው ትንሹ ካቴኪዝም ይህን ነገር በሦስት ትእዛዛት ሥር ያስተምረናል። በሰባተኛው የባልንጀራችንን ሀብት ለመጠበቅ እንድንረዳው፣ በስምንተኛው ስለ እርሱ መልካሙን እንድንናገርና ነገሩን በበጎ እንድንተረጕም፣ በዐሥረኛውም እንስሳቱን ከማባበል ይልቅ በእርሱ ዘንድ እንዲኖሩ እንድንተጋ ይመክራል።

ስለዚህ ፈረስ ሲጠፋ አስቀድመን በሩንና መቀርቀሪያውን እንመልከት። ቀጥሎ ዱካውን እንከተል፤ ፈረስ ባልንጀራ ወዳድ ነውና ሌሎች ፈረሶች ወደሚውሉበት መስክ፣ ወደ ውኃው፣ ወዳደገበትም ቤት እንሂድ። መልኩንና ምልክቱን ለጎረቤትና በገበያ እናስነግር። በሩ ክፍት አድሮ እንደ ሆነ ይህን ሳንደብቅ እንናገር፤ ይህ አንድ ቃል ብዙ ንጹሓንን ከሐሜት ያድናልና። የስርቆት ምልክት በግልጥ ቢገኝ ነገሩ ለሕግ ይቅረብ።

ያገኘም ሰው ግዴታ አለበት። የሙሴ ሕግ ባለቤቱ ያልታወቀውን እንስሳ ወደ ቤት አስገብቶ እስኪፈለግ ድረስ መጠበቅን፣ ሲመጣም መመለስን ያዝዛል፤ የጠላትም ከብት ቢሆን እንዲመለስ ይላል። አይቶ እንዳላየ ማለፍን ግን ይከለክላል። የሌላው ሰው በር ክፍት ሆኖ ብናገኘው ገብተን መዝጋት፣ ወይም ባለቤቱን መጥራት የዚሁ ትእዛዝ ሥራ ነው። ከተጣላነው ሰው ደጅ ፈረሱን ስበን የቆምን ቀን ለዕርቅ ብዙ ቃል አያስፈልገንም።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ማታ በሩን የሚመለከተው ማን ነው? ይህስ በግልጥ ተነግሮአልን?
2. ልጆቻችን ጥፋታቸውን ያለ ፍርሃት ሊነግሩን ይችላሉን?
3. ያለ ማስረጃ ስሙን ያነሣነው ጎረቤት ቢኖር በማን ፊት ስሙን ልናነጻለት ይገባናል?